ትንፋሽ የሚያሰማውን ስጪኝ

አያ ይመር ማረፉን የነገረኝ የዋጃ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሱቄ ፊት ለፊት ፍሬን ይዞ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «ሰዓዳ! አያ ይመር እኮ ዐረፈ! ከዙሁር በኋላ ነው ቀብሩ!» ብሎኝ ነጎደ። እጄ ላይ የካንዴላ ካርቶን ይዤ ነበር። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን ሆንኩ? ተናደድኩ። ወላሂ ተናደድኩ። የዚያ ሰው መርዶ በሚኒባስ መስኮት ይነገራል? እሱ ቢሆን ኖሮ ሰው ሊያረዳ ሲሄድ ሞተሩን ከሩቅ አቁሞ፣ በእግሩ ገብቶ፣ የቀረበለትን ውሃ ጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጠይቆ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ መቀመጡን አይቶ ነበር የሚናገረው።

ደግሞ የሞተው በሞተር አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ የቆቦ ሰው ሁሉ «ይኼን ሽማግሌ አንድ ቀን ከነሞተሩ ሆርማት ወንዝ ውስጥ እናገኘዋለን» ሲል ነው የኖረው። የሞተው አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት፣ ሸሃዳውን ብሎ ነው። ያሟረቱበት ሁሉ ይፈሩ።

እኔ ቆቦ ከገበያው መግቢያ አስፋልቱ ዳር የሞተር ዕቃ እሸጣለሁ። ጎማ፣ ዘይት፣ ሰንሰለት፣ ሄልሜት። ድሮ «ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነበር፤ አሁን ምላሴን ስለሚያውቁት አይሉኝም። እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስንቱን ሰው አየሁት! ነጋዴውን፣ ወታደሩን፣ ከአፋር በረሃ የሚወጣውን፣ ከደጋ የሚወርደውን። እንደ አያ ይመር ያለ ግን አላየሁም። አላህ ምስክሬ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያክም ነው የኖረው። በመንግሥት ሞተር ከዞብል ተራራ ሥር ተነስቶ እስከ አፋር ግጦሽ ድረስ ላምና ግመል እየከተበ ጡረታ ወጣ። ከከብቱ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ነበረው፤ ደም አድራቂ ሽማግሌ ነበር። እኛ አገር ሰው ሰውን ከገደለ በሁለቱ ቤተሰብ መሀል ደም ገባ ይባላል። ባለደሞች አንድ ገበያ አይውሉም፣ ከአንድ ውሃ አይቀዱም፣ መንገድ ላይ ድንገት ከተገጣጠሙ አንዱ ይወድቃል። ገዳዩ ቢታሰርም ደሙ አይደርቅም፤ ወንድም አለው፣ ያጎት ልጅ አለው። ያንን ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከዚህ ቤት እዚያ ቤት ቃል እያመላለሱ፣ እየተሰደቡ፣ በር እየተዘጋባቸው። አያ ይመር የተሰደበውን ያህል የተሰደበ ሰው በራያ ምድር ያለ አይመስለኝም። የተሰደበውን ስድብ ሁሉ ሱቄ ተቀምጦ እየሳቀ ያጫውተኝ ነበር። አንዳንዱን ስድብማ «ይቺስ ጥሩ ናት፣ ያዣት» ይለኛል።

መጀመሪያ ጊዜ «አንቱ» ብለው ተቆጣኝ። «ተይኝ እባክሽ። ስንቱ አንቱ እያለ ከበር መልሶኛል! አንተ ብሎ የሰደበኝ ሰው ግን ኋላ አስገብቶ ያበላኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ስለው ኖርኩ። አሁንም አንተ እያልኩ ነው የማወራው፤ የማያውቀን ሰው ባለጌ ናት ቢለኝ ይበለኝ።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ አዲስ አበባ ያለው ልጁ ትልቅ ሞተር ላከለት። አገር ለአገር የሚዞሩ ፈረንጆች የሚነዱት ዓይነት ነው፤ ታንኩ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ የተነፋ፣ ረዥም መንገድ የሚችል። ከተማው ጉድ አለ። እሱ ግን ሱቄ በር ላይ አቆመውና፣ «እስቲ ሰዓዳ፣ ይቺን ሙሽራ አልብሺልኝ» አለኝ።

ደስ አለኛ! ለትልቅ ሞተር ዕቃ የሚገዛ ሰው በዓመት ስንቴ ይመጣል? ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እሱ ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት፣ «የዱላ ማስቀመጫ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን?»

«የዱላ። ዱላ የሚሰካበት።»

«ኧረ አያ ይመር፣ በዚህ ሞተር ዱላ ይዞ የሚሄድ ፈረንጅ የለም!»

«ፈረንጅ የራያን ደም ሲያደርቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያለ ዱላ ቆሞ የሚናገርን ሽማግሌ ማን ይሰማዋል? ብየዳ ቤት ወስደን ከኋላ መቀመጫው ጎን ቱቦ አስበየድንለት። የሞተሩ የመጀመሪያ ጌጥ ያ ሆነ።

ከዚያ ኃይለኛ ክላክስ አሳየሁትና ነፋሁት። አስፋልቱ ዳር የቆመች የጭነት አህያ በርግጋ ከነጭነቷ ሄደች፤ ባለቤቷ ሰደበኝ። አያ ይመር አልሳቀም። «መልሺው» አለኝ። «ዛሬ በክላክስ አስደንግጬ መንገድ ያስለቀቅሁት ሰው፣ ነገ ለሽምግልና ደጁ የምቆምበት ሰው ነው።» ድምጿ ከጤፍ ወፍ የማትበልጠዋን መርጦ ወሰደ። ባጃጆቹ እንኳ አይሰሟትም ነበር። ፊቱን ሙሉ የሚሸፍነውን ሄልሜትም አልፈለገም፤ አገጩ ወደ ላይ የሚከፈተውን መረጠ። ለምን ብለው፣ «ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሰው እኛ አገር ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ ታጪዋለሽ?» አለኝ። የንፋስ መከላከያውን መስታወት ግን ሳላሳየው ነው ያነሳው። አቧራ ዓይኑ ገብቶ እንባው ሲፈስ ያየ ሰው ሁሉ «ይመር እያለቀሰ መጣ፣ ነገሩ ተበላሽቷል» እያለ ሲያወራበት መሮት ኖሯል።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። እኔ ከኋላ የሚታሰር አንድ ትልቅ ሳጥን ልሸጥለት፣ እሱ በቀኝና በግራ የሚንጠለጠሉ ሁለት ሳጥኖች ካልሆነ አለ። «አንዱ ይበቃሃል፤ ብዙ ይይዛል፣ ውሃም አያስገባ» ብለው፣ «የሁለት ባለደም እህል አንድ ሳጥን ውስጥ አይገባም» አለኝ። የሟች ወገን ማር ይሰጠዋል፣ የገዳይ ወገን ቆሎ ይሰጠዋል፤ ደሙ ሳይደርቅ ሁለቱ ከተነካኩ ሽምግልናው ረከሰ ማለት ነው። ሳቅኩበት። እሱ ምርር ብሎ አየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኙ የሟች፣ ግራው የገዳይ ቤት ሳጥን ሆነ። ደም የደረቀ ቀን ታዲያ ሱቄ በር ላይ ይመጣና የሁለቱን ሳጥን እህል አንድ ሰሃን ላይ ደባልቆ፣ «ነይ ቅመሺ» ይለኛል። በወረዳው ውስጥ ማን ከማን እንደታረቀ የማውቀው ከሰው ወሬ በፊት በሰሃኑ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እኔ አያ ይመርን የማልረሳው በዱላውና በሳጥኑ አይደለም፤ በእትዬ ዘውዴና በአቶ መንገሻ ነገር ነው።

የራያ ሜዳ በዝናብ ብቻ አይታረስም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈር ካብ እየቀለበሱ ወደ ማሳ ያስገቡታል። ጎርፍ ደግሞ ወረፋ አያውቅም፤ መጣ ሲባል ሰው አካፋውን ይዞ ይሮጣል። ከሮቢት ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ አንድ ካብ ላይ፣ አምና ክረምት፣ የእትዬ ዘውዴ ትልቁ ልጅና የአቶ መንገሻ ልጅ «የኔ ተራ ነው፣ ያንተ አይደለም» ተባባሉ። የእትዬ ዘውዴ ልጅ እዚያው ቀረ። ገዳዩ እጁን ለፖሊስ ሰጥቶ ታሰረ። ለእትዬ ዘውዴ የቀራት ታናሽየው፣ ሞላ ነው። ሞላ ክላሹን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሚስት ሳያገባ፣ በሬ ሳይጠምድ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቃል፤ የማሽላውን ማደግ። ማሽላ ሰው ሲያክል ሜዳው ሁሉ ጫካ ነው። ደመኛህ በሁለት እርምጃ ርቀት ቢያልፍ አታየውም፣ እሱም አያይህም። በእኛ አገር ማሽላ ሲረዝም እናቶች ይጨነቃሉ። ሞላም «ማሽላው ሰው ይዋጥ እንጂ ከመንገሻ ልጆች አንዱ ይተኛል» ብሎ ምሎ ነበር። የዚያን ሰሞን ማሽላው ጉልበት ደርሷል።

አያ ይመር ያን ነገር ይዞ ስንት ጊዜ ተመላለሰ! አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሄልሜቱን ካላወለቀ ተሸንፏል ማለት ነው።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«እውነቷን ነው» አለኝ። «"አንተ ይመር፣ ቃል ማሳመር ታውቃለህ፤ የምሰማው የመንገሻን ኀዘን ነው ወይስ ያንተን ምላስ? ካዘነ ራሱ ይንገረኝ። ግን ዓይኑን ላይ አልችልም፤ እሱም የኔን እንዳያይ" ነው ያለችኝ። ቃል በሰው አፍ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሰዓዳ። ትኩሱን ነው የፈለገችው።»

«ታዲያ ስልክ ምን ሊሠራ ነው?»

«አጠገቧ ሆኜ መንገሻ ጋ ደወልኩላት። ስልኩን ወረወረችው። "ጠላ ቤት ተጋድሞ ይሁን ሜዳ ላይ ተንበርክኮ በምን አውቃለሁ? ከልጄ ደም በላይ እግሩ ከከበደው ይቅር" አለችኝ። መምጣት አለበት። መታየት ደግሞ የለበትም።»

እሱ መደርደሪያዬን ያያል። አንድ ካርቶን ላይ፣ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ፈረንጆች ትልቅ ሞተር ላይ ሆነው በየሄልሜታቸው ውስጥ ሲነጋገሩ የሚያሳይ ሥዕል አለ። «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ኢንተርኮም ነው፣ ሄልሜት ላይ ይለጠፋል፣ ነጂውና ከኋላ የተቀመጠው ያወሩበታል፣ ኔትወርክም አይፈልግ፣ ከዚህ እስከ መናኸሪያው አጥር ድረስ ያሰማል አልኩት። ሄልሜቱን አወለቀ።

ሁለት ዓይነት ነበረኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ውድየውን ነው ያነሳሁለት። «ይኼ የንፋሱን፣ የሞተሩን፣ የመኪናውን ጩኸት ሁሉ ያጠፋዋል። የሰው ድምፅ ብቻ ነው ጥርት አድርጎ የሚያመጣልህ» አልኩት። «እስቲ ይዘሽ ከአስፋልቱ ማዶ ሂጂ» አለኝ። ሄልሜቱን ደፍቼ ባጃጆቹ መሀል ቆምኩ። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። በጆሮዬ «አሁን ዝም በዪ» አለኝ። ዝም አልኩ። ቆየሁ። «የት ሄድሽ?» አለኝ። «ዝም በዪ አላልከኝም እንዴ!» «ዝም ስትዪ ጠፋሽ» አለኝ። «ሌላውን አምጪ።»

ርካሹን ገጠምን። ተሻግሬ ቆምኩ፣ ዝም አልኩ። ባጃጁም፣ ንፋሱም፣ ከመስጊዱ ሥር የሚጮኸው ሎተሪ ሻጭም ይገባል። እኔም ሰልችቶኝ በከንፈሬ ብቻ «ይኼ ሽማግሌ ዛሬ ሊያሳብደኝ ነው» አልኩ። «ሰምቼሻለሁ!» ብሎ ሲስቅ ጆሮዬ ተበጠሰ። ስመለስ ካርቶኑን ይዞ ቆሟል። «ትንፋሽ የሚያሰማውን ስጪኝ። ያዘነ ሰው ብዙ አያወራም። ያ ውዱ ዕቃሽ የሚያጠፋው እኔ የምፈልገውን ነው» አለኝ።

«ሦስት ሰው የሚያገናኝም አለ፤ አንተም ትሰማ ነበር» አልኩት።

«ሦስተኛ ጆሮ ካለ ሰው የሚያወራው ለሦስተኛው ነው። ለሁለቱ ይበቃል። አንቺ ግን ትመጫለሽ። እኔ የሴት ራስ ላይ ሄልሜት አላስርም።»

«ሱቄንስ?»

በማግስቱ ሱቄን ቆልፌ ከኋላው ተቀመጥኩ።

የሮቢትን አስፋልት ለቀን ወደ ሜዳው ስንገባ በጆሮዬ ያወራኛል። እዚያ ማሳ ያለውን ሰው ስም ይነግረኛል፣ እዚያ ጉድጓድ የነበረውን ጠብ ይነግረኛል። እያንዳንዱን ሰው እያቆመ ሰላም ይላል። ማሽላው በግራና በቀኝ ለምለም ሆኖ ሞልቷል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ማሻ አላህ እል ነበር፣ የዚያን ቀን ግን ቁመቱን በዓይኔ ስለካ ነበር። «ካልሆነስ?» አልኩት። «ካልሆነ ያድጋል» አለኝ። ፍርሃቴ በማይኩ ሳይሰማው አልቀረም፤ «አብሽሪ» አለኝ።

ካቡ ጋ ስንደርስ አቶ መንገሻን ሌሎቹ ሽማግሌዎች በእግር አምጥተው ከወዲያ በኩል አስቀምጠውታል። እኛ ከወዲህ ነን፤ መሀላችን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ክምር ነው። ልጁ የወደቀበት ያው ካብ። አያ ይመር የራሱን ሄልሜት ተሻግሮ ለመንገሻ አስሮ ተመለሰና፣ በሁለቱም ወገን እንዲታይ ካቡ ጫፍ ላይ ዱላውን ተክሎ ተቀመጠ። እትዬ ዘውዴ ግራር ሥር ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ። ከኋላዋ ሞላ ክላሹን ይዞ ቆሟል፤ እናቱ ስለጠራችው ነው እንጂ ለሽምግልናው ብሎ አልመጣም፣ ከፊቱ ያስታውቃል።

ራሴ ላይ የነበረውን ሄልሜት ሳወልቅ እትዬ ዘውዴ አየችውና፣ «ይኼን ድስት ነው ጭንቅላቴ ላይ የምትደፊብኝ?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ የሽማግሌው ብልሃት ነው።»

«ይመር ድሮም እብድ ነው» አለችና ጎንበስ አለችልኝ። ከሻሿ በላይ ስለደፋሁላት ስፒከሩ ከጆሮዋ ራቅ አለ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እንዲያ ስላደረግሁ አጠገቧ ለተቀመጥኩት ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«ዘውዴ...» አለ መንገሻ።

ከዚያ ምንም የለም። ያ ሁሉ ያዘጋጀው ቃል ጠፋበት መሰለኝ። ሹ ሹ የሚል ንፋስ፣ ሩቅ የሚጮህ ጥጃ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ፤ ግን እየተቆራረጠ። ሊናገር ይጀምራል፣ ይውጠዋል። እትዬ ዘውዴ ወደኔ ዞራ፣ «ይተነፍሳል» አለችኝ። አለቀሰ አላለችም፣ አዘነ አላለችም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ባትሪው ባላለቀ እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሄልሜቱ አዲስ ነው፤ ስፖንጁ አቧራ ነበረው መሰል፣ እትዬ ዘውዴ ድንገት በኃይል አስነጠሰች።

«ይማርሽ!» አለ ስፒከሩ። ቶሎ ብሎ፣ በአጥር ማዶ እንዳለ ጎረቤት።

«ያኑርህ» አለች።

ከአፏ ወጣ! ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ ይባላል፣ ያስነጠሰው ያኑርህ ይላል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለው አስበንበት አናውቅም። እሷም አላሰበችበትም። ሄልሜቱ ውስጥ ሆና ደግሞ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። ሞላ ዘሎ ፊቷ ቆመ። «እማ! ማንን ነው ያኑርህ ያልሽው?» እሷ አፏን ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ እጇ ሄልሜቱን መታው። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። የሟች እናት ለገዳይ አባት ዕድሜ መረቀች፣ ያውም ልጇ በወደቀበት ካብ ሥር። እኛ አገር እናት የመረቀችውን ልጅ አይተኩስበትም።

አያ ይመር ጩኸቱን ሰምቶ ከካቡ እየተንሸራተተ ወረደ። «ምን ተባለ?» አለ። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ደስታው አፌን አላስያዘኝም። «አለቀ እኮ አያ ይመር! መረቀችው እኮ! አልሐምዱሊላህ በል!» አልኩት። እልል ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይኼ ሰው በዚህ ነገር ያልተሰደበው ስድብ የለም። ፀሐይ የመታው፣ ውሻ የነከሰው፣ እህል ሳይቀምስ ያደረው ለዚህች አንዲት ቃል ነው። አሁን በእጁ ገባች። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ቃሉን በምስክር አስይዞ፣ ተጨብጭቦ፣ ያበቃ ነበር።

አያ ይመር ከእትዬ ዘውዴ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ዘውዴ» አላት፣ «ይኼ ቃል አምልጦሽ ነው። እኔ በማስነጠስ የተያዘ እርቅ አልፈልግም። ካልፈለግሽው እኔም አልሰማሁም፣ ይቺም አልሰማችም፣ ልጅሽም አልሰማ። ቃልሽን ውሰጂው። እኔ ነገ ተመልሼ እመጣለሁ።»

ልቆነጥጠው ነበር፤ እውነቴን ነው። ሰውዬው አብዷል አልኩ በሆዴ። ማሽላው እያደገ! የአንድ ሰው ነፍስ በእጅህ ገብታ ትመልሳታለህ? ኋላ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው ሰውነቴን የነዘረኝ። እስከ ዛሬም ሳስበው ይነዝረኛል። ሰውን አጥምዶ ከመያዝና ሰው ራሱ እስኪመጣ ከመጠበቅ የቱ እንደሚከብድ የማውቀው ያን ቀን ስላየሁ ነው። ያን ያህል የታገለለትን ነገር እንዲህ እጁን ዘርግቶ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም የማይ አይመስለኝም።

እትዬ ዘውዴ ለይመር ሳይሆን ለመሬቱ የምትናገር ይመስል፣ «ልጄ ከሞተ ወዲህ ስንት ጊዜ አስነጥሻለሁ» አለች። «ይማርሽ ያለኝ የለም።» ቀና ብላ ሞላን አየችው። «ይኼም ያንን ብረት እየወለወለ አይሰማኝም።»

ሞላ ዓይኑን ሰበረ።

እትዬ ዘውዴ ማይኩን በጣቷ ወደ አፏ አስጠጋች። «መንገሻ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«ቅድም አምልጦኝ ነው። አሁን አውቄ ነው የምልህ። ያኑርህ። የቀሩትን ልጆችህንም ያኑርልህ። ና፣ ውጣና ልይህ።»

ከካቡ በስተጀርባ ሽማግሌዎቹ ሲንጫጩ ሰማን። ቆይቶ አቶ መንገሻ ጫፉ ላይ ብቅ አለ። የአያ ይመር ሄልሜት ራሱ ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም ማውለቁን አላሰበም። ከሄልሜቱ ሥር፣ ማጅራቱ ላይ፣ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። የገዳይ ወገን ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ከሟች ቤት አንድ ሰው ድንጋዩን ካላነሳለት እንደተሸከመ ይመለሳል። በሌላ ቀን ባየው በሳቅ እፈርስ ነበር። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። ጎንበስ እንዳለ፣ እየተንገዳገደ ወርዶ ከእትዬ ዘውዴ ራቅ ብሎ ቆመ። እሷ ልትነሳ ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች። ለቅሶዋ ገና ያን ጊዜ ነው የመጣው። ስለዚህ የቀረው አንድ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሞላ ዞረ።

ሰው ሁሉ ስል፣ ከአንድ ሰው በቀር። አያ ይመር ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ሞተሩ ሄዷል። የነጠላውን ጫፍ ይዞ የንፋስ መከላከያውን መስታወት ይወለውላል፣ የዚያን ቀን ሌላ ጉዳይ የሌለው ይመስል።

«አያ ይመር!» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ምን ሆነሃል? ና እንጂ! እይ!»

አልዞረም። «እኔ ካየሁት ለእኔ ብሎ ነው የሚያነሳው» አለኝ። «አንቺ እይልኝ።»

እኔም አየሁለት። ሞላ ወደ መንገሻ ሄደ። ክላሹን በግራ እጁ እንደያዘ ቀኝ እጁን ዘረጋና ድንጋዩን ያዘው። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ አልተነቃነቀለትም። እንደገና ሞከረ፤ መንገሻ ተንገዳገደ እንጂ ድንጋዩ አልተነሳም። ሞላ ቆመ። ድንጋዩን አየ፣ ክላሹን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ወደኔ መጣና፣ «እስቲ ያዢልኝ» ብሎ ክላሹን እቅፌ ላይ አስቀመጠው፤ ተመልሶም በሁለት እጁ አነሳለት።